የዱዊ ታኬት ወንድም

ኦሪን ታኬት መጀመሪያ ለአሜሪካ ምክር ቤት ሲወዳደር ገንዘብም ስምም አልነበረውም። የነበረው ወንድሙ ዱዊ ነው። ሁለቱም በኦሃዮ ወንዝ ዳር ባለችው በኬንሎ ከተማ፣ በብርጭቆ ፋብሪካው እቶን ፊት ላባቸውን ሲያፈሱ የኖሩ ናቸው። በአራት ዓመት የሚበልጠው ዱዊ ከሥራ ሲወጣ ፊቱን እንኳ ሳይታጠብ አሮጌ መኪናውን እያስነሳ በየኮረብታው ያለውን በር ሁሉ አንኳኳ።

«ወንድሜ ነው። ንግግር አይችልም፤ ውሸትም አይችልም» ይል ነበር። ሰዉ ሳቀ፤ መረጠውም።

ኦሪን ሰባት ጊዜ ተመረጠ። ዋሽንግተን ላይ ይህ ነው የሚባል ዝና አላተረፈም። ሳንባው የታመመ የከሰል ቆፋሪ ጡረታ ሲከለከል ግን ራሱ ስልክ እየደወለ ሲሟገት ይውላል። ዓርብ ዓርብ ስድስት ሰዓት ሙሉ ነድቶ ይመጣል፤ እሑድ ምሳውን የሚበላው ዱዊ ቤት ነው። የኦሪን ሚስት ገና በወጣትነቷ ሞታበት ስለነበር ከዚያ ሌላ ቤት አልነበረውም ማለት ይቻላል።

አንድ ነገር እንደ እሾህ ይወጋው ነበር። የከተማዋ ድልድይ አርጅቶ ስለተዘጋ አምቡላንስ ወንዙን የሚሻገረው አርባ ደቂቃ ዞሮ ነው። እናታቸው ልቧ የደከመ ዕለት ሆስፒታሉ ከማዶ እየታያት መንገድ ላይ ሞተች። ኦሪን አዲስ ድልድይ እንዲሠራ አስራ አንድ ዓመት ለመነ። በመጨረሻ የምክር ቤቱ መሪዎች ዋጋውን ነገሩት፦ ድልድዩን ከፈለግህ ለንግድ ስምምነቱ ድምፅህን ስጥ። ስምምነቱ የውጭ ብርጭቆ ያለ ቀረጥ የሚያስገባ ነው። ኦሪን ደግሞ ለፋብሪካው ሠራተኞች «እኔ እያለሁ ይሄ አያልፍም» ብሎ ምሎላቸዋል።

በዚያ እሑድ እንደ ወትሮው ዱዊ ቤት ዶሮ በላ። የዱዊ ሚስት ቬልማ ሁለት ጊዜ ጨመረችለት። ስለ ስምምነቱ ግን ለአንዳቸውም አልነገረም። ረቡዕ ስምምነቱን ደግፎ ድምፁን ሰጠ። ዱዊ ወሬውን የሰማው ፋብሪካው ውስጥ፣ ምሳ እየበላ፣ ከሬዲዮ ነው።

«የአንተው ወንድም አይደለም እንዴ?» አለው አጠገቡ የተቀመጠው።

ዱዊ የጀመረውን ዳቦ ጠቅልሎ ተነሣ።

ድልድዩ ተሠራ። ፋብሪካው በሁለተኛው ዓመት እቶኑን አጠፋ፤ ሦስት መቶ አርባ ሰው ሥራ ፈትቶ ቤቱ ገባ። በቀጣዩ ምርጫ ኦሪን ባደገበት ሰፈር እንኳ ሃያ ስድስት ድምፅ ብቻ አገኘ። ለሀብታም ደንበኞቻቸው ሲሉ የምክር ቤት አባላትን የሚያግባቡ ኩባንያዎች ጥሩ ደመወዝ ቢያቀርቡለት እምቢ ብሎ ወደ ኬንሎ ተመለሰ። የዱዊን በር ሲያንኳኳ ቬልማ ገርበብ አድርጋ ከፈተችለት።

«አይወጣም፣ ኦሪን። አትልፋ።»

ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሄደ። በመካከሉ ኦሪን የኩላሊት እጥበት የሚያስፈልጋቸውን ሰዎች በሚኒባስ እያመላለሰ መኖር ጀመረ። በሽተኞቹ ይቀልዱበታል። በተለይ ወይዘሮ ፕሮክተር አፏ አያርፍም ነበር።

«ክቡርነትዎ፣ ማሞቂያውን ከፍ ያደርጉልናል ወይስ መጀመሪያ ኮሚቴ ይሰበሰባል?»

አንድ ቀን በተሰጠው የበሽተኞች ዝርዝር ላይ የዱዊን ስም አየ። በማግስቱ ማለዳ ቤቱ ደጃፍ ሲቆም ዱዊ በከዘራ ወጣ፤ ሾፌሩን ሲያይ ቆመ።

«ሌላ ሾፌር የለም?»

«ሁልጊዜም እኔው ነኝ።»

ዱዊ ተመልሶ ገባ። በሦስተኛው ቀን ግን እግሩ አብጦ፣ ቬልማ ደግፋው መጣና ተሳፈረ። የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠ። አስራ አንድ ወር አንድ ቃል አልተነፈሰም። ኦሪን እየወረደ እጁን ይዘረጋለታል፤ ዱዊ የበሩን ብረት ይዞ ይወጣል።

አንድ የመጋቢት ማለዳ በረዶ እየጣለ ሁለቱ ብቻቸውን ሆኑ። ኦሪን ገና ሞተሩን ሳያስነሳ ከኋላ ድምፅ ሰማ።

«በዚያ እሑድ ታውቅ ነበር።»

«አውቅ ነበር» አለ ኦሪን።

«ዶሮውን ስትበላ።»

«አዎ።»

«ድልድዩ ለእናታችን መሆኑ አይጠፋኝም። ብትነግረኝ መጀመሪያ እሰድብህ ነበር፤ ከዚያ አብሬህ ሰዉ ፊት እቆም ነበር። ከሬዲዮ አሰማኸኝ።»

«ፈራሁህ፣ ዱዊ።»

«ሰባት ጊዜ በር ያንኳኳልህን ሰው?»

ዱዊ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆለፈ። «ንዳ እንግዲህ። በረደኝ» አለ።

ኦሪን ያን ዕለት እንደ ልጅ ደስ ብሎት አመሸ። ወንድሙ ተናግሮታል፤ ተቆጥቶታልም። በሚቀጥለው ጊዜ ምን እንደሚለው ሲያሰላስል ሰነበተ። ሐሙስ ሲደርስ ግን ደጁ ላይ ቆማ የጠበቀችው ቬልማ ናት።

«እጥበቱ በቃኝ ብሏል። ሐኪሙም ልጆቹም ለምነው አልሆነላቸውም።»

«ልግባና ልየው?»

ቬልማ ገብታ ወጣች። ዓይኗን ከእሱ አሸሸች። «ደክሞኛል በይው አለኝ።»

ሚኒባሱ ውስጥ ሦስት በሽተኞች እየጠበቁት ነበር። ነዳ። ዱዊ በዘጠነኛው ቀን ሞተ።

ሬሳ ሣጥኑን ሊሸከሙ የቆሙት የፋብሪካው ሰዎች ናቸው። ከስድስቱ ተሸካሚዎች አንዱ ወገቡን ታሞ ስለቀረ ቬልማ ወደ ኦሪን ተመለከተች። ኦሪን አንድ እርምጃ ሲጠጋ፣ ከዱዊ ጋር ሠላሳ ዓመት የሠራው ሃርላን ቢግስ ድምፁን ሳያነሣ ተናገረ።

«እሱ ከያዘ እኔ እለቃለሁ።»

«ያዝ፣ ሃርላን» አለ ኦሪን። ወደ ኋላ ሄዶ ከሰዉ መጨረሻ ተሰለፈ።

ከቀብር በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ቬልማ ምግብ አቅርባለት አጠገቡ ተቀመጠች።

«ይቅር ብሎኝ ይሆን?» አላት።

ቬልማ መዋሸት አልሆነላትም። «አላውቅም፣ ኦሪን። ስምህን አላነሣም።» ሳህኑን ወደ እሱ ገፋ አደረገች። «ብላ።»

ሹካውን አነሣና መልሶ አስቀመጠው።

ማክሰኞ ማለዳ ሚኒባሱን አሙቆ ወጣ። ወይዘሮ ፕሮክተር ያን ቀን አልቀለደችም፤ እንደ ወትሮዋ ወደ ኋላ ሳታልፍ ከጎኑ ካለው ወንበር መጥታ ተቀመጠች።