ከአጥሩ ሥር የቆመው ሰው

ቅዳሴ ሲያልቅ እኔ አልቸኩልም። ዲያቆኑ «እትዉ በሰላም» ብሎ ሲያሰናብት ሴቱ ሁሉ ወደ በሩ ይጎርፋል፤ ጫማ ፍለጋ አንዷ በሌላዋ ላይ ትወድቃለች። እኔ ዓምዱን ተደግፌ እቆያለሁ። ጫማዬን የማነሳው ሌላው ሰው ጫማውን አድርጎ ከሄደ በኋላ ነው።

ታናሽ እህቴ በዚህ ትስቅብኛለች። «እትዬ እኮ የመንግሥተ ሰማያት በር ሲከፈትም ግፊያው ይለፍ ብላ ውጭ ትቀራለች» ትላለች።

ትሳቅ። ሰው ሲበዛ እጅም ይበዛል። የማን እጅ የት እንደሚገባ አይታወቅም። ልጅ የያዘ ሰው ደግሞ ከሌላው ይልቅ ይህን ማሰብ አለበት።

ልጄ ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ከጎረቤት ደረጃ ላይ ወድቃ የጭኗ አጥንት ተሰብሮ፣ ጳውሎስ ሆስፒታል ተኝታ ብረት ገብቶላት፣ ወራት በክራንች ስትሄድ ቆይታለች። ክራንቹን የጣለችው ገና በዚያው ሰሞን ነው። ሐኪሙ ሲያሰናብተን ያለኝን አልረሳሁትም። «ትሂድ፣ ትጫወት፣ አትከልክያት። መውደቅና መገፋት ግን አደራ። ብረቱ ሳይወጣ ሁለተኛ ከወደቀች እንደ መጀመሪያው ቀላል አይሆንም።»

እኔ የመጀመሪያውም ቀላል አልመሰለኝም ነበር።

ኦፕራሲዮን በገባች ቀን ለእንጦጦ ማርያም ጃንጥላ ተስዬ ነበር። በእግሯ ከቆመች ራሷ ይዛ ታገባለች ብዬ። ቆመች። በወሩ ሃያ አንድ፣ በማርያም ቀን፣ ሦስታችን ወጣን፤ ልጄ፣ እህቴና እኔ። አባቷ ለሥራ ክፍለ ሀገር ነበር። ጃንጥላውን ልጄ ታቅፋ አስገባች። ብዙ የማለቅስ ሰው አይደለሁም። ያን ቀን ግን ነጠላዬን እስከ ዓይኔ አወረድኩት።

ስንወርድ ልጄ እጄን ጎተት አደረገች። «እማዬ፣ ያንቺን ስለት አስገባሽ። የእኔስ?»

የእሷ ስለት ከተራራው ግርጌ የተከፈተው የልጆች መጫወቻ ነው። አልጋ ላይ ሳለች፣ ስትድኚ ያን የሚሽከረከረውን ትልቅ ጎማ ትወጫለሽ ብዬ አባብያት ነበር። ለእመቤታችን የገባሁትን ፈጽሜ ለልጄ የገባሁትን ማስቀረት አልቻልኩም።

ሐሳቤ በጊዜ ገብቶ በጊዜ መውጣት ነበር። ማታ ሲዘጋ ሕዝቡ ባንድ ጊዜ እንደሚወጣ፣ መውጫውም ጠባብ እንደሆነ የሰፈር ሰው ነግሮኛል። ነገር ግን የማርያም ቀን ነው፤ ከተራራው የወረደው ሰው ሁሉ ልጁን ይዞ እዚያ ገብቷል። የጎማው ሰልፍ አላልቅ አለ። ተራችን ሲደርስ መሽቶ መብራቱ ሁሉ በርቶ ነበር።

እህቴ አብራት ወጣች። ልጄ ከላይ ሆና «አዲሱ ገበያ ይታየኛል! ቤታችን ይታየኛል!» እያለች ትጮሃለች። እህቴ ከእሷ ይልቅ ትጮሃለች። እኔ ከታች ሆኜ እግሯን ብቻ አያለሁ።

ሰውየውን ያየሁት እዚያ ቆሜ ነው።

ከአጥሩ ሥር ቆሟል። ረጅም፣ ጥቁር ኮፍያ ያደረገ፣ ጢሙ ያደገ። ከእሱ ጋር ልጅ የለም። ሴትም የለችም። ሰው ሁሉ አንገቱን ቀና አድርጎ ጎማውን ሲያይ እሱ የሚያየው መውጫውን ነው። በሩን ያያል፣ የሚወጣውን ሰው ያያል፣ ተመልሶ በሩን ያያል። ልጅ ያልያዘ ጎልማሳ ሰው በልጆች መጫወቻ ምን ያደርጋል? ቦርሳዬን ከጎኔ ወደ ሆዴ አዞርኩት።

ልጄ ወርዳ ወደ እኔ ስትመጣ ሰውየው ዞረ። እግሯን አየ። ፊቷን አይደለም፤ እግሯን። ትንሽ ታነክስ ነበር፤ እኔ ጋ እስክትደርስ ድረስ ዓይኑን አልነቀለም።

«አየሽው?» አልኳት እህቴን።

«የቱን?»

«ኮፍያ ያደረገውን። ዓይኑን ከእኛ ላይ አላነሳም።»

እህቴ ዞር ብላ አየችውና ፀጉሯን አስተካከለች። «እኔን እያየ ይሆናላ! እትዬ፣ እስቲ አንድ ቀን እንኳ ወንድ እህቴን ያይ ይሆናል ብለሽ ጠርጥሪ።»

«ልጅቷን ነው የሚያየው። እግሯን።»

«በቃ፣ ነገ ደግሞ ጎማውን ትጠረጥሪዋለሽ።»

በድምፅ ማጉያው መዝጊያ ሰዓት መድረሱ ተነገረ። ሕዝቡ ተነቃነቀ። አባቶች ልጆቻቸውን ትከሻቸው ላይ አወጡ፤ እናቶች ስም እየጠሩ ይሰበስባሉ። እኛ ፈንድሻ ከምትሸጥ ሴት ጋሪ ጎን፣ አጥሩን ተደግፈን ቆምን።

«ሰዉ ይውጣ። ከዚያ እንወጣለን» አልኩ።

እህቴ በረጅሙ ተነፈሰች። «እዚህም ጫማ እየጠበቅን ነው? ታክሲው ሁሉ ሞልቶ ይሄዳል እኮ። እኔ ልውጣና ኮንትራት ልያዝ። በሩ ሲቀል እደውልልሻለሁ።»

ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ሄደች። ሁለታችን ቀረን።

ሰውየውም አልወጣም። ሰው በአጠገቡ ሲያልፍ እሱ አጥሩን ይዞ ቆሟል። መውጣት የማይፈልግ ሰው ምን ይጠብቃል? እኔ የምጠብቅበት ምክንያት አለኝ፤ የእሱን ግን አላውቅም። በእሱ በኩል የነበረችውን ልጄን ወደ ሌላው ጎኔ አዞርኳት። ይህን ሳደርግ አየኝ። ጥቂት ቆይቶ ወደ እኛ መጣ።

«እህቴ፣ እንደምን አመሹ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ፤ ፊቴን ሳላዞር።

«በዚህ በኩል ከጠበቁ ይቆያሉ። ከኋላ፣ ከጄኔሬተሩ ጀርባ፣ የዕቃ መኪና የሚገባበት በር አለ። ሰው የለበትም።»

ሰው የለበትም። ያለኝ ይህን ነው። ወደ ኋላ አየሁ። ጨለማ ነው፤ አንድ አምፖል እንኳ አይታይም።

«ይስጥልኝ። ወንድሜን እየጠበቅን ነው» አልኩ። ወንድም የለኝም። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

እንደገና የልጄን እግር አየ። የሆነ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተና ተወው። አንገቱን ደፍቶ ወደ ቦታው ተመለሰ።

«እማዬ፣ እኚህን ሰውዬ የት ነው የማውቃቸው?» አለች ልጄ።

«አታውቂያቸውም።»

«ድምፃቸውን ግን...»

«አታውቂያቸውም አልኩሽ።»

በልቤ አቡነ ዘበሰማያት ጀመርኩ። ሳልጨርስ ዝናቡ ወረደ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል እንደሚያደርገው ነው፤ ሳያስጠነቅቅ በአንዴ። ቀስ ብሎ ይወጣ የነበረው ሰው መሮጥ ጀመረ። ከካፌው በረንዳ፣ ከየመጫወቻው ጥግ፣ የቀረው ሁሉ ወደ በሩ ተወረወረ። በሩ አልችል ሲለው ሕዝቡ ወደ ጎን ፈሰሰ፤ ወደ እኛ። ፈንድሻ የምትሸጠው ሴት ጋሪዋን እየገፋች ሸሸች። ከለላችን ያ ጋሪ ነበር ለካ። አንድ ትከሻ ደረቴን መታኝ። ልጄን ከአጥሩና ከእኔ መካከል አስገብቼ ጀርባዬን ሰጠሁ። ግን ግፊያው ከግራም ከቀኝም ነው፤ ያለኝ አንድ ጀርባ ነው።

«እማዬ፣ እግሬ!»

ሰውየው ያን ጊዜ መጣ። ሕዝቡን ሰንጥቆ መጥቶ ሁለት እጁን ዘርግቶ የአጥሩን ብረት ያዘ። እኛ በእጆቹ መካከል ቀረን። ግፊያው ሁሉ በጀርባው ላይ አረፈ፤ ሲያቃስት ሰማሁት። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ልጄን በክርስትና ስሟ ጠራትና፣ «የታመመውን እግርሽን ወደ አጥሩ አድርጊው» አላት።

ስሟን እዚህ አልጽፈውም። የክርስትና ስም አደባባይ አይወጣም። የልጄን የምናውቀው የነፍስ አባታችን፣ የክርስትና እናቷ፣ አባቷና እኔ ነን። እህቴ እንኳ አታውቀውም፤ ወሬ አይቀመጥላትም። ትምህርት ቤትም ሰፈርም የምትጠራው በሌላ ስም ነው። በክርስትና ስም መተት ይሠራል ሲባል እየሰማሁ ያደግሁ ሰው ነኝ። ያን ሰዓት ልመን አልመን ብዬ አላሰብኩም።

ልጄን ይዤ ከእጁ ሥር ለመውጣት ጎተትኳት። ወደ ሕዝቡ፣ ወደ ግፊያው። ሐኪሙ አደራ ያለኝ ከጭንቅላቴ ጠፋ። ከሚገፋት ሕዝብ ይልቅ ስሟን የጠራው አፍ አስፈራኝ።

እሷ ግን አጥሩን በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች። «እማዬ ቆይ! የመስኮቱ ልጅ አባት ናቸው!»

ቆምኩ።

ጳውሎስ በተኛንበት ክፍል ከእኛ አልጋ ቀጥሎ፣ መስኮቱ ሥር፣ አንድ ወንድ ልጅ ተኝቶ ነበር። መካከላችን መጋረጃ ነበር። ልጆቹ በመጋረጃው ሥር ብርቱካን ሲቀባበሉ አውቃለሁ። አባቱን ግን አንድ ቀንም ሙሉ ፊቱን አላየሁትም። ማስክ አድርጎ፣ ጋቢ ተከናንቦ ይቀመጣል፤ ማታ ከአልጋው ሥር መሬት ላይ ይተኛል። እኛ ስንወጣ እነሱ እዚያው ነበሩ።

አሁን ፊቱን አየሁት። ዝናቡ ከኮፍያው ጫፍ ይንጠባጠባል።

«ስሟን ማን ነገረዎት?» አልኩ። ሰላምታ እንኳ አላስቀደምኩም።

«አባ ናቸው» አለ። «ኦፕራሲዮን ልትገባ ስትል ጠበል ይዘው መጥተው ሲጸልዩላት ሰማሁ። ያለው መጋረጃ ነው እኮ፤ ጆሮዬን ወዴት ላድርገው? ከዚያ ቀን ጀምሮ የልጄን ስም ስጠራ የእሷንም እጠራለሁ። መዳኗን ግን የሚነግረኝ አልነበረም።» ከኋላው ሲገፉት ቃሉ ተቋረጠ፤ ብረቱን አጥብቆ ያዘ። «ዛሬ ሳያት እሷ ትሁን አትሁን ጠፋኝ። ተኝታ እንጂ ቆማ አይቻት አላውቅም።»

ልጄ ናት የመለሰችለት። «ጎማውንም ወጣሁ» አለችው።

«አየሁሽ» አላት።

ግፊያው ላላ ሲል ወደ ኋላው በር ሄድን። ስለ ልጁ ጠየቅኩት። ቤት ነው፤ ገና አልቆመም፤ በዊልቸር ነው የሚንቀሳቀሰው አለኝ። «ጎማውን ካላየሁ ብሎ መቆሚያ መቀመጫ ነሳኝ። ሳላመጣው በፊት መውጫውን ልየው ብዬ ነው የመጣሁት። መግባቱ አያስቸግርም፤ ሰው በየሰዓቱ ነው የሚገባው። መውጣት ግን ሁሉም ባንድ ጊዜ ነው። አንዷን ጥበቃ ጠይቄ ይህን በር አሳየችኝ። ሕመምተኛ ለያዘ ትከፍታለች።»

እንደ እኔ የሚያስብ ሰው በዚህ ከተማ መኖሩን አላውቅም ነበር።

ስልኬ ጮኸ። «እትዬ፣ የት ናችሁ? በሩ ጋ ሰው እየተራገጠ ነው!»

«በኋላ በር እየወጣን ነው። መኪናውን ወደዚያ አምጪው።»

«በኋላ? ከማን ጋር?»

«ኮፍያ ካደረገው ሰውዬ ጋር።»

ዝም አለች። እህቴ ዝም ስትል ያን ጊዜ ሰማኋት፤ ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም።

ከጄኔሬተሩ ጀርባ ያለው መንገድ በእርግጥም ጨለማ ነው። የስልኬን መብራት አበራሁና፣ «እርስዎ ይቅደሙ» አልኩት። ገባውና ሳቀ። ቀደመ። ልጄን ይዤ ራቅ ብዬ ተከተልኩት። ጸሎቱን ማን እንደሰማው አውቃለሁ፤ ሰውየው ጨለማ ውስጥ የሚያደርገውን ግን ገና አላየሁም። ጥበቃዋ የዝናብ ልብስ ለብሳ ቆማ ነበር። የልጄን አረማመድ አየችና ምንም ሳትጠይቅ የበሩን ብረት ሳበችው። ውጭው ባዶ መንገድ ነው። ዝናብና የባሕር ዛፍ ሽታ ብቻ።

«አመመሽ?» አልኩ፤ ጎንበስ ብዬ ጭኗን ዳሰስኩ።

«አላመመኝም። ከእኚህ ከጋሼ እጅ ማንም አላለፈም።»

ተመስገን። ደግሜ ተመስገን አልኩ።

መኪናው መጣ። እህቴ በመስኮት አንገቷን አውጥታ ሰውየውን ከላይ እስከ ታች አየችው። «ጃንጥላውን ለማርያም ሰጥተን እኛን ዝናብ ይደብድበን! ግቡ እንጂ!» ሰውየውንም እንዲገባ ለመንነው። ቤቱ በሌላ በኩል ነው፤ እሺ አላለም። ልጁን እሑድ በጠዋት አመጣዋለሁ፣ በዚህ በር እናወጣዋለን ብሎ ለጥበቃዋ ሲነግራት ሰማሁ።

ልገባ ስል ተመለስኩ።

«የልጅዎን የክርስትና ስም ይንገሩኝ» አልኩት።

እኔን አየኝ። እህቴን አየ፤ ሾፌሩን አየ። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ የራሴ ነው። ስለዚህ አልከፋኝም። ቆሜ ጠበቅኩት። በመጨረሻ ኮፍያውን አውልቆ ጠጋ አለና በነጠላዬ በኩል በጆሮዬ ነገረኝ። እንዳልስት ደገመልኝ።

የልጄ እግር ደህና ነው፤ ብረቱም ወጥቷል። እኔም ዛሬም ከቅዳሴ ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ነው የምወጣው፤ ቦርሳዬንም ሆዴ ላይ ነው የምይዘው። ያ ልጅ ይቁም አይቁም የነገረኝ የለም። ማታ ማታ ከልጄ ስም ቀጥሎ የእሱን እጠራለሁ።

ያን ማታ ግን አዲሱ ገበያ እስክንደርስ እህቴ «ምን አለሽ? እትዬ፣ በጆሮሽ ምን አለሽ?» እያለች ጨቀጨቀችኝ። አልነገርኳትም።