ደህና ነኝ ያለው መንገደኛ

ከአዲስ አበባ የተሳፈርንበት አውሮፕላን የዘገየው በብልሽት ነው። ይህን አየር መንገዱም አልካደም። በሩ ተዘግቶ፣ ቀበቷችንን አስረን ከተቀመጥን በኋላ አብራሪው አንድ መሣሪያ መፈተሽ አለበት አለን፤ እሱ እስኪፈተሽ ጠዋቱ አለፈ። መሸጋገሪያችን ወደሆነችው የዓረብ ከተማ ስንደርስ ወደ ሕንድ የሚወስደን ሁለተኛው አውሮፕላን ጥሎን ሄዷል።

ለሌላው ተሳፋሪ የአንድ ቀን መጉላላት ነበር። ለታላቅ ወንድሜ ግን እንደዚያ አልነበረም። ኩላሊቶቹ ሥራ ካቆሙ ቆይተዋል፤ ደሙን በሳምንት ሦስት ቀን በማሽን ይታጠባል። ጉዞውን ያቀድነው በሁለት እጥበቶች መካከል ነው። ሕንድ በገባን ማግስት ሆስፒታሉ ማሽን ይዞ ይጠብቀው ነበር፤ ከዚያ የንቅለ ተከላው ምርመራ ይቀጥላል። ኩላሊቱን የምሰጠው እኔ እኅቱ ነኝ። የሚቀጥለው በረራ ነገ ማታ ነው ሲሉን እጥበቱ እንደሚያልፈው ገባኝ። ያኔ ነው ፍርሃቱ የጀመረኝ።

ወንድምጋሼን ወንበር ላይ አስቀምጬ ወደ ትራንዚት ሠራተኞቹ መስኮት ሄድኩ። ከፊቴ የተሰለፉት ይጮኻሉ። ተራዬ ሲደርስ የበረራችንን ቁጥር፣ የዘገየንበትን ምክንያትና የሆስፒታሉን ቀጠሮ አንድ በአንድ ለሠራተኛዋ ነገርኳት፤ በሌላ አየር መንገድ ዛሬውኑ እንዲልኩን ጠየቅሁ። ሠራተኛዋ አለቃዬን ላማክር ብላ ገባች። ዞር ስል ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ወንድሜን ጎንበስ ብሎ ያነጋግረዋል። ወንድሜ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ፈገግ አለለት። ሰውየው የያዘው ታብሌት ላይ አንድ ነገር ጽፎ ሄደ።

ሠራተኛዋ ተመልሳ አይቻልም አለችኝ። ወደ ወንድሜ ሄድኩ።

«ምን አለህ ሰውየው?»

«ደህና ነህ ወይ ነው የሚለኝ።»

«ምን አልከው?»

«ምን እለዋለሁ? ፋይን፣ ታንክ ጎድ አልኩታ!»

እግሩን አየሁት። አብጦ የጫማውን ማሰሪያ ፈትቶታል።

በማግስቱ፣ ሕንድ ውስጥ ማሽኑ ላይ መሆን በነበረበት ሰዓት፣ ወንድሜ የጀመረውን ቀልድ መጨረስ አቃተው። ትንፋሽ አጠረው። አየር ማረፊያው ውስጥ ያለው ክሊኒክ አምቡላንስ ጠራ። መኪናው ውስጥ ከንፈሩን ብቻ ነበር የማየው፤ ቀለሙ ይለዋወጥ ነበር። ሐኪም ስሙን ሲጠይቀኝ የራሴን ስም ነገርኩት።

እዚያው ታጥቦ ተረፈ። ሐኪሞቹ ግን ሳያገግም ለንቅለ ተከላ አይበቃም አሉና ወደ አገራችን መለሱን። የሆስፒታሉን ሂሳብ የከፈልነው ዘመድ ወዳጅ ለሕንድ ካዋጣው ነው። ለሁለተኛ ጉዞ የተረፈ አልነበረም፤ ያ ገንዘብ ካልተመለሰ ወንድሜ አይሄድም። እጥበቱ ደግሞ እየከበደው ነበር። ከማሽኑ ሲወርድ አንዳንዴ ራሱን ይስታል።

የጉዞ ኢንሹራንስ ስለነበረን ጥያቄ አቀረብኩ፤ አየር መንገዱንም ካሳ ጠየቅሁ። የሁለቱም መልስ አንድ ሆኖ መጣ። የኢንሹራንሱ የካሳ ክፍል ሠራተኛ፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት፣ ወንበር ስባልኝ አነበበችልኝ፦ መንገደኛው በትራንዚት አዳራሹ ስለ ጤናው ተጠይቆ ደህና መሆኑን ተናግሯል፤ እርዳታም አልፈለገም።

«ስለዚህ የታመሙት በመዘግየቱ አይደለም ነው የሚሉት» አለችኝ። «ከቀጣዩም በረራ የቀሩት በራሳቸው ምክንያት ነው ተብሏል።»

«እኅቴ፣ ሰውዬው ሰላምታ መስሎት ነው የመለሰው!»

«እኔማ ይገባኛል። እናቴ ሆስፒታል ተኝታ ሐኪሙን ደህና ነኝ፣ አንተስ እንዴት ነህ ትለው ነበር። ውሳኔው ግን የሚመጣው ውጭ ካለው ዋናው ድርጅት ነው።»

«ምን ባመጣ ነው የሚሻለኝ?»

«የእጥበት ማዕከሉን የሐኪም ማስረጃ። ከሱ ጋር የራሳቸውን ቃል። እዚያ ወንበር ላይ ሳሉ የተሰማቸውን፣ በራሳቸው አንደበት፣ ፈርመውበት።»

የሐኪሙን ማስረጃ ማግኘት ቀላል ነበር። ለቃሉ ግን ከምኖርበት ሰበታ ተነስቼ ቡራዩ ወንድሜ ቤት ሄድኩ። ወንድሜ ከመታመሙ በፊት የውሃ ፋብሪካ መኪና ሾፌር ነበር፤ ሱሉልታ ድረስ የታሸገ ውሃ ሲያከፋፍል ኖሯል። አሁን እሱ ራሱ ውሃ የሚጠጣው ሚስቱ በምትሰጠው የሻይ ብርጭቆ ነው። ስደርስ በር ላይ ቆሞ ከጎረቤቱ ሽማግሌ ጋር ያወራል።

«አካም ጅርታ፣ ኦቦ ሾፌር?» ይሉታል ሽማግሌው።

«ፈያ፣ ገለተ ዋቃ!» ይላል ግድግዳውን ተደግፎ።

በኦሮምኛም ደህና ነው፤ በአማርኛም ደህና ነው። በእንግሊዝኛው ግን ፋይል ተዘግቶበታል።

ገብተን ስንቀመጥ ላፕቶፔን ከፈትኩ።

«ጋዜጠኛዋ፣ ዛሬ ደግሞ እኔን ልታጋልጪ ነው?»

«ለኢንሹራንሱ ነው ጋሼ። ያን ቀን ወንበሩ ላይ ምን ይሰማህ ነበር?»

«ደክሞኝ ነበር በያቸው።»

«እሱ አይበቃም።»

«ታዲያ ምን ልበል? ሞቼ ነበር ልበል?»

ሚስቱ ከጓዳ ሰምታዋለች። «በል! ለአንድ ቀን እንኳ እውነቱን በል! ጨጓራ ነው፣ ብርድ ነው ስትል አይደል ኩላሊትህ ያለቀው!»

«ወረቀት ላይ አማርሬ ልፈርም? ፈጣሪስ ምን ይለኛል?»

«ፈጣሪማ ያውቀዋል። የማያውቁት ኢንሹራንሶቹ ናቸው!»

ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። ሳሉ እስኪበርድለት ጠበቅሁ። ከዚያ ሚስቱ እንዳትሰማ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አንቺ መስኮቱ ጋ ሄድሽ» አለ። «አየሩ እዚህ ጋ ቆመብኝ።» ጉሮሮውን ነካ። «ልጠራሽ አሰብኩና ድምፅ አላወጣ አለኝ። ቀስ እያለ ትንሽ ተከፈተልኝ። ያ ሰውዬ የመጣው ያኔ ነው። አሞኛል ብለው ከጉዞው ያስቀሩኛል፣ አንቺም ስትለፊ ከርመሽ ባዶሽን ትመለሻለሽ ብዬ ፈራሁ። ደግሞም አፌ ለምዶታል። ሰውዬው ሲሄድ፣ እዚህ ብሞት ይቺ ልጅ እንዴት ታደርገኛለች አልኩ። ቋንቋቸውን አታውቂ። ፓስፖርቴን ከውስጥ ኪሴ አወጣሁና ከላይ ኪሴ ከተትኩት።»

«ለምን?»

«ሬሳ እንዳትፈትሺ ነዋ።»

መጻፌን አቆምኩ። አምቡላንሱ ውስጥ ፓስፖርት ሲጠይቁኝ ሽፋኑ ከሸሚዙ ኪስ ብቅ ብሎ ነበር። ሳብ አድርጌ ሰጠኋቸው፤ እንኳን ቅርብ ሆነ ብዬም ነበር። እሱ ከዋዜማው ጀምሮ ያዘጋጀልኝ እንደሆነ አላወቅሁም።

«ይቺን እንኳ አትጻፊያት» አለ። «ፈራሁ የምትለዋንም አሰብኩ አድርጊያት።»

«እንደተናገርከው ነው የምጽፈው።»

ሰፈሩ ውስጥ አሳትሜ ስመለስ ፈረመ።

ቃሉን ተርጉሜ አስገባሁ። የካሳ ክፍሏ ሴት ሳልጠይቃት የራሷን ማብራሪያ አያይዛ እንደላከች በኋላ ሰማሁ፤ ደህና ነኝ ማለት በእኛ ዘንድ የሰላምታ መልስ እንጂ የጤና መግለጫ አይደለም የሚል። ከዚያ ጥበቃ ሆነ። ስልኬ በጮኸ ቁጥር መጀመሪያ የማየው የሚስቱ ቁጥር አለመሆኑን ነው። ሥራ ቦታ ድምፁን አጥፍቼ እሞክራለሁ፤ ጠፍቶ ሲቀመጥ ደግሞ ይብስብኛል።

ውሳኔው የመጣ ቀን ሱሉልታ ነበርኩ። የመንገድ ግንባታ አጥራቸውን ያፈረሰባቸውን ሰዎች እያነጋገርኩ ሳለ የካሳ ክፍሏ ሴት ደወለች። ድርጅቱ የሆስፒታሉን ሂሳብና የተቋረጠውን ጉዞ ወጪ ተቀብሏል። አየር መንገዱም ያንን ሲያይ በካሳው ፋንታ ለሁለታችን አዲስ ቲኬት ልስጥ ብሏል፤ ቀኑን እኛ እንድንመርጥ። አመስግኛት ዘጋሁና ወዲያው ለወንድሜ ደወልኩ።

ነገርኩት። ደስ ይለዋል ብዬ ጠበቅሁ።

«ቀኑን እኛ ነን የምንመርጠው?»

«አዎ ጋሼ።»

«እንግዲያው ቅርቡን ያዢ» አለ። «ከትናንት ጀምሮ ተጋድሜ መተንፈስ አልቻልኩም። ለሷ አልነገርኳትም። አሞኛል።»

ሳልጠይቀው አሞኛል ሲለኝ የመጀመሪያው ነው። ስልኩን ሳልዘጋ ሚስትህን ጥራልኝ አልኩት፤ መጣች። አሁኑኑ መኪና ያዢና እጥበት ማዕከል ውሰጂው፣ ቀጠሮው ነገ ነው ካሉሽ ትንፋሹን አሳዪያቸው አልኳት። ያነጋግሩኝ የነበሩትን ሰዎች ይቅርታ ጠይቄ ወደ አዲሱ ገበያ ለሚሄደው ሚኒባስ እጄን አነሳሁ።