የመጨረሻው ሰው ሰደርያ

ጎሚስታው ሲበዛ ቁጡ ነው። ለመቆጣት ምክንያት ቸግሮት አያውቅም፤ ጎማ ውስጥ ተደብቆ የሚቀር እሾህ፣ የደረቀ ማስቲሽ፣ «ቶሎ በል» የሚል ደንበኛ፣ ሁሉም ቱግ ያደርጉታል። ሚስቱ «የኔ ባል እንቅልፍም የሚወስደው ከትራሱ ጋር ተጣልቶ ነው» እያለች ጎረቤት ታስቅበታለች። እሱ ግን ቁጣውን የሙያው ክፍል አድርጎ ነው የሚያየው። በሠላሳ ዓመት ውስጥ የጠገነው ጎማ ተመልሶ የመጣበት ከስንት አንዴ ነው፤ ይህም የሆነው ስለሚቆጣ ነው ብሎ ያምናል።

ቁጣው የሚበርድለት ብስክሌቱ ላይ ሲወጣ ብቻ ነው። ብስክሌቱ ተራ ብስክሌት አይደለም፤ ከአሮጌ የውሃ መሳቢያ ላይ የፈታትን ትንሽ ሞተር በገዛ እጁ የገጠመለት ነው። እንዲህ ያለ ብስክሌት ያላቸው አሥር ሰዎች በየዓመቱ ተሰባስበው የሦስት ቀን መንገድ ይሄዳሉ። ጎሚስታው ሁልጊዜ መጨረሻ ነው። ፖምፓውን፣ ቁልፎቹንና ትርፍ ካቴናውን ጭኖ፣ ከሩቅ የሚታይ ቢጫ ሰደርያ ለብሶ፣ የተበላሸበትን እየጠገነ ይከተላል። «ጭራው» ይሉታል፤ በዚህ ስም ብቻ አይቆጣም።

ሕጉንም ያወጣው እሱ ነው። መንገዱ በሚታጠፍበት ቦታ ሁሉ አንድ ሰው ቆሞ ከኋላ ለሚመጡት አቅጣጫ ያሳያል። ቢጫው ሰደርያ ከሩቅ ብቅ ሲል ሁሉም አልፈዋል ማለት ነውና፣ የቆመው ሰው ሞተሩን አስነስቶ ይሄዳል። ጭራው መንገዱን በቃሉ ስለሚያውቅ የሚያሳየው አያስፈልገውም። ሰው ያልቆመበት መገንጠያ ላይ የደረሰ ደግሞ ቀጥ ብሎ ይቀጥላል። በአሥራ አምስት ዓመት አንድም ሰው ጠፍቶ አያውቅም፤ ጎሚስታው ይህን ሲያወራ ደረቱ ይነፋል።

ዘንድሮ አዲስ የገባችው ልብስ ሰፊዋ ነበረች፤ ሱቋ ከሱ ሱቅ ጋር ግድግዳ ይጋራል። እናቷ አትሄድም ብለው ሲያስቸግሩ «እኔ ከኋላዋ አይደለሁ እንዴ? ምን ትሆናለች?» ብሎ ያስፈቀደላት እሱ ነው።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ካቴናዋ ተበጠሰ። ሌሎቹ አለፉ፤ ጎሚስታው ቆመ።

«ይሄን ነው ካቴና ብለሽ የመጣሽው? በዚህ እኮ ገበያም አይኬድ!»

«እርስዎ አይደሉ እንዴ ጋሼ የገጠሙልኝ?» አለችው እየሳቀች።

እያጉረመረመ ሠራላት። ሲጨርስ ልጅቷ ስትንቀጠቀጥ አየ። ነፋሱ ይጋረፋል፤ የለበሰችው ስስ ሹራብ ነው። ሰደርያውን አውልቆ አለበሳትና «ቅደሚ፣ ዕቃዬን ሰብስቤ እደርስብሻለሁ» አላት። ደግ ሥራ የሠራ መስሎት፣ ደስ ብሎት፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ እየጠረገ ወደ ሳጥኑ መለሰ።

መገንጠያው ላይ ሲደርስ ሰው አልነበረም። እሱ ሲደርስ መቼም ሰው ኖሮ አያውቅም። ወደ ግራ ታጠፈ።

ምሳ የሚበላበት ቦታ ሲደርስ ስምንቱ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ይሳሳቃሉ።

«ልጅቷስ?» አለ።

«ካንተ ጋር አይደለችም እንዴ?» አሉት።

ብስክሌቱን ወደ መጣበት መንገድ አዞረ።

ያገኟት ቀጥታ በሚሄደው መንገድ ላይ፣ ጎርፍ በወሰደው ድልድይ ሥር ነው። መገንጠያውን ባዶ ስታገኘው በሕጉ መሠረት ቀጥ ብላ ሄዳ፣ ድልድዩ እንደሌለ ያየችው ቁልቁለቱን ከጨረሰች በኋላ ነበር። ቀኝ እግሯ ከጉልበት በታች ተሰብሮ፣ ስትጣራ ቆይታ ድምጿ ተዘግቶ፣ ድንጋይ ላይ ተኝታ ነበር። በጭነት መኪና ጤና ጣቢያ ወሰዷት። ያ እግር የስፌት መኪናዋን የምትረግጥበት እግር ነው፤ እሷም እናቷም የሚበሉት በሱ ነው። ሐኪሙ «ሁለት ቦታ ነው የተሰበረው፤ እንደ ድሮው ይሆናል ብዬ ቃል አልገባም» ሲል የጎሚስታው ዓይን ደም ለበሰ።

ወደ ግቢው ወጣ።

«መገንጠያው ላይ የቆመው ማነው?»

ፀጉር አስተካካዩ ወደ ፊት መጣ። የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው፤ ልጅ ሳለ ብስክሌት ያስተማረው ጎሚስታው ራሱ ነው። አሁን የሸበተ፣ የልጆች አባት ነው።

«እኔ ነኝ ጋሼ...»

አላስጨረሰውም። በጥፊ አጮለው። መነጽሩ ጠጠሩ ላይ ወደቀ።

«አንተ ሰው የማይገድህ! ለምሳ ቸኩለህ ነው? ሆድህ ነው የሚነዳህ? የሰው ልጅ ሜዳ ላይ ጥለህ እዚያ ቁጭ ብለህ ትገለፍጣለህ? ከዛሬ ጀምሮ እህትህም ቤት እግርህ እንዳይደርስ! አላውቅህም!»

ሰዎች ያዙት። ፀጉር አስተካካዩ ጉንጩን እንኳ አልነካም፤ አጎንብሶ መነጽሩን አነሳና በሸሚዙ ጠረገው።

«ቢጫውን እኮ አየሁ ጋሼ» አለ። «ዳገቱ ላይ ብቅ ሲል አየሁት። አንተ መስለኸኝ ነው የሄድኩት።»

የያዙት ሰዎች ለቀቁት። ጎሚስታው አፉን ከፈተ፤ ያ ሲፈልገው ሁሉ የሚመጣለት ስድብ ድራሹ ጠፋ። መዳፉ ገና ይለበልበዋል። ይቅርታ ማለት ነበረበት፤ አላለም። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ሕግ ያስተማራቸው ሰዎች ሁሉ አፍጥጠው ያዩታል። የሚገባበት ጠፋውና ዞሮ ወደ ልጅቷ ክፍል ገባ።

አልጋው ጫፍ ላይ ቆመ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አላት። «ሰደርያውን ላንቺ መስጠት አልነበረብኝም።»

«አውቃለሁ» አለች። «ያን ሁሉ ሰዓት ድንጋይ ላይ ተኝቼ ሌላ ምን ሳስብ የቆየሁ ይመስልዎታል? መገንጠያው ላይ ለነበረው ሰውስ ነገሩት? ጥፋቱ የሱ እንዳልሆነ ነገሩት?»

ጎሚስታው ወለሉን አየ።

«መታሁት።»

«ምን?»

«በጥፊ መታሁት። ሰው ፊት።»

«ነገሩ ከገባዎት በኋላስ? ምን አሉት?»

«ምንም።»

በክርኗ ተደግፋ ለመነሳት ሞከረች፤ ሕመሙ ፊቷን አጨማደደው።

«ታዲያ እዚህ ምን ይሠራሉ?» ስትል በተዘጋ ድምጿ ጮኸችበት። «እኔ ጋ መምጣት ቀለለዎት አይደል? እኔ ተኝቻለሁ፣ የትም አልሄድብዎትም! ይውጡ! ይውጡልኝ!»

ወጣ። ፀጉር አስተካካዩ ብስክሌቱን ከግቢው አስወጥቶ ሞተሩን አስነስቷል። ጎሚስታው ወደ በሩ ሮጠ።

«ወንድሜ፣ ቆየኝ!» ብሎ ተጣራ።

ሊለምነው ነበር የፈለገው። የወጣለት ግን ያው የቁጣ ድምፁ ነው፤ ሌላ ድምፅ አልነበረውም። ፀጉር አስተካካዩ ዞር ሳይል ፍጥነቱን ጨመረ።