እጀታ የሌለው ኩሽና

የሰፈሩ ሰው «ሜትሩ» እያለ የሚጠራው አናጢ ከሠላሳ ዓመት በላይ በር ሲገጥምና ቁም ሣጥን ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። ቅጽል ስሙ የወጣለት መለኪያው ከኪሱ ስለማይጠፋ ብቻ አልነበረም፤ ቃሉንም ለክቶ ስለሚያወጣ ነው። በሰው ቤት ሲሠራ ስንት ጉድ ያያል፣ ስንት ይሰማል፤ ከአፉ ግን አንድም ነገር አይወጣም። «ለሜትሩ ነገርክ ማለት ለግድግዳ ነገርክ ማለት ነው» ይሉታል። እሱም በዚህ ይኮራ ነበር።

ሐይቁ ዳር፣ ከጀልባ መጠገኛው አለፍ ብሎ፣ ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። አገሩ በሙሉ እማማ ይላቸዋል። ባላቸው የጀልባ ሞተር ጠጋኝና የሜትሩ የልብ ወዳጅ ነበሩ፤ ቤቱን ሲሠሩ ኩሽናውን ያቆመላቸው ሜትሩ ራሱ ነው፣ ያኔ ሙያውን በቅጡ ሳይጨርስ።

አንድ ቀን የእማማ አንድያ ልጅ፣ በትልቁ ከተማ በሆስፒታል መድኃኒት ቤት የምትሠራዋ፣ ፕላን ጠቅልላ ይዛ መጣች።

«ጋሼ፣ ይኼን ኩሽና ጠራርገን አዲስ እናድርግላት። ዕድሜዋን ሙሉ በዚህ ጥበት ስትታሽ ኖረች። እስቲ አሁን እንኳ ሐይቁን እያየች ታብስል!»

ፕላኑ ያምራል። በሳሎኑና በኩሽናው መሀል ያለው ግድግዳ ይፈርሳል፤ በሐይቁ በኩል ሰፊ መስኮት ይከፈታል፤ ምድጃው ከመስኮቱ ሥር ይሆናል። ካቢኔቶቹ ነጭ፣ ልሙጥ፣ እጀታ የሌላቸው፣ ገፋ ሲያደርጓቸው የሚከፈቱ ናቸው። ምድጃውም እንደ መስታወት ለጥ ያለ ነው፤ ማዞሪያ የለውም፣ በጣት ሲነኩት ይበራል።

እማማ በሩ ላይ ቆመው «ልጄ ያለችው ይሁን» አሉ።

ልጅቷ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ሜትሩ በማግሥቱ ሊለካ ሲመጣ እማማ ሻይ ሊያፈሉለት ተነሡ። እጃቸው የመደርደሪያውን ጠርዝ ይዞ ሄደ፣ ሦስተኛው ቆርቆሮ ላይ ቆመ፤ ስኳር። ሻዩን ሲቀዱ ጣታቸውን ከስኒው አፍ ወደ ውስጥ አጠፍ አድርገው፣ ሙቀቱ ሲነካቸው አቆሙ። ሜትሩ ነገሩን ልብ ሳይለው፣ ስኒውን ይዘው ሲመጡ መሀል ቤት ያስቀመጠው ቀዩ የመሣሪያ ሣጥን አደናቀፋቸው። በጠራራ ፀሐይ! ዘሎ ባይደግፋቸው ወድቀው ነበር።

«እማማ፣ ዓይንዎ…»

«ዝም በል» አሉት። ወንበሩን ዳብሰው ተቀመጡ። «ግራው ከጠፋ ሁለት ዓመቱ። ቀኙ ብርሃንና ጥላ ይለያል፣ ሌላ ምንም።»

«ሐኪም አላየዎትም?»

«እሱማ አይቶኛል። እኔ ነኝ እሱን ያላየሁት።» ሳቅ አሉ። «አይመለስም አለኝ።»

«ታዲያ ለልጅዎ ይንገሯት እንጂ።»

«ነግሬያት? በነጋታው ጠቅልላ ወስዳ አምስተኛ ፎቅ ላይ ታስቀምጠኛለች። እዚህ ሁሉን በእጄ አውቀዋለሁ። አንተ የሠራኸው አይደል? ጨው የት እንዳለ፣ ቢላ የት እንዳለ ዓይን አያስፈልገኝም።»

«ይፍረስ ስትል ታዲያ ለምን እሺ አሏት?»

«እምቢ ብል ለምን ትለኛለች። ምን ልላት ነው?» እጁን ፈልገው ያዙት። «በወዳጅህ ነፍስ ይዤሃለሁ። እንዳትነግራት።»

ሜትሩ ማለ።

ቃሉን ሳያፈርስ ነገሩን ሊያስተካክል ሞከረ። ስልክ ደወለላት። «እጀታ ብናደርግበት ምን ይመስልሻል? ምድጃውም ማዞሪያ ያለው ቢሆን…»

ልጅቷ ሳቀች። «ጋሼ ደግሞ! እርስዎ ስላረጁ ኩሽናውም ያርጅ? ምድጃው እኮ ተገዝቶ መንገድ ላይ ነው።»

ከዚህ በላይ ምን ይበል? አፈረሰው። በራሱ እጅ የገጠመው እንጨት ከሠላሳ ዓመት በኋላም አልላላም፤ ታግሎ ነው የነቀለው። እማማ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ያዳምጡ ነበር። ሚስማር ሲነቀል «ያ የቅመሙ መደርደሪያ ነው አይደል?» ይላሉ። «አዎ እማማ» ይላል፣ ላቡን የሚጠርግ መስሎ ዓይኑን እየጠረገ።

አዲሱ ካለቀ በኋላ ከካቢኔቶቹ ጠርዝ ሥር ሰው የማያያቸው ትንንሽ የእንጨት ጉጦች ለጠፈ፤ ለስኒ አንድ፣ ለሳህን ሁለት። ምድጃው በሚነካበት ቦታም ሙጫ ጠብ አደረገ። አራት ቀን አብረው ተለማመዱ። ከበሩ አምስት እርምጃ፣ ወደ ቀኝ ሁለት። እማማ ይዘውት ይዘውት መሀሉ ላይ ይጠፋባቸዋል። የሚደገፉት ግድግዳ የለም።

«ሜዳ ላይ ጣላችሁኝ እኮ፣ ልጄ» አሉት አንዴ፣ እጃቸውን አየር ላይ እንደዘረጉ።

ቅዳሜ ልጅቷ መጣች። ገና ከበሩ እልል አለች። «እማዬ፣ ሐይቁን አየሽው? ከዚህ እንዴት እንደሚያምር!»

«አየሁት፣ እንዴት አላየው» አሉ እማማ፣ ፊታቸውን ወደ ካቢኔቱ እንዳዞሩ።

ልጅቷ ደስታዋ ይዟት አላስተዋለችም። እማማ ደግሞ እንዳትጠረጥር ብለው ሻይ ካላፈላሁ አሉ። ሜትሩ «ይተዉት፣ እኔ…» ሲል ገፋ አደረጉት። ምድጃውን አበሩት። ማንቆርቆሪያውን አንሥተው መልሰው ሲያስቀምጡ ቦታው ጠፋባቸው፤ ሲፈልጉት መዳፋቸው እንዳለ የጋለው ምድጃ ላይ አረፈ።

ልጅቷ እጃቸውን ቀዝቃዛ ውሃ ሥር ይዛ ቀና ብላ አየቻቸው። ጣቷን ከዓይናቸው ፊት አለፍ መለስ አደረገች። እማማ ዓይናቸውን አላርገበገቡም። ውሃው እየፈሰሰ ወደ ሜትሩ ዘወር አለች።

«ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«አውቀው አፈረሱት?»

«አስማሉኝ። ትወስደኛለች ብለው ፈሩ።»

«የት ነው የምወስዳት? እዚህ ሆስፒታል ልዛወር አመልክቼ ተፈቅዶልኛል። አብሬያት ልኖር ነው ያሳደስኩት። ዛሬ ልነግራት ነበር። አንዲት ቃል ብትነግሩኝ ኖሮ አንድ ሚስማር አላስነቅልም ነበር!»

እማማ ይህን ሰምተው የተቃጠለ እጃቸውን ታቅፈው ወደ መኝታቸው በቀስታ ሄዱ፤ የመኝታ ቤቱ መንገድ አልተነካም ነበርና አልተደናቀፉም።

ልጅቷ እንዳለችው መጥታ አብራቸው ኖረች። የፈሩት ፎቅ ቀረ። ግን እማማ ከዚያ ወዲያ እሳት አላቀጣጠሉም። ሜትሩ በየእሑዱ እየሄደ ያጫውታቸው ነበር። አንድ ጊዜ «እማማ፣ እንደ ድሮው አድርጌ ልመልስልዎ፤ ልኬቱ ሁሉ በጭንቅላቴ አለ» አላቸው።

እየላጡት ያለውን ድንች ጭናቸው ላይ አኖሩ። «ተወው ልጄ። አንተ ብትመልሰው እጄ አይመለስም። ድሮ ሾርባው ሊበስል ሲል እኔ ነበርኩ ቀድሜ የማውቀው። አሁን ሳህን ሲቀርብልኝ ነው የማውቀው።»

ሁለት ክረምት ሳይሞላቸው ዐረፉ። ልጅቷ ዛሬም እዚያው ትኖራለች፤ መንገድ ላይ ስታገኘው አክብራ ሰላም ትለውና ታልፋለች። ሜትሩ ይቅርታ ሊጠይቃት ሁለት ጊዜ ሄዶ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ በመስኮቱ በኩል ምድጃው አጠገብ ቆማ አያትና፣ በሩን ሳያንኳኳ ተመለሰ።