ድመቷን ያስጾምንበት ሁዳዴ

ያን ዓመት ሁዳዴና ረመዳን የገቡት በአንድ ሳምንት ነበር። ሲኤምሲ፣ በእኛና በጎረቤታችን ግቢ መካከል አንድ አጥር አለ፤ አጥሩ ላይ ደግሞ አንዲት ግራጫ ድመት አለች። የማን እንደሆነች ዛሬም አልለየለትም። እናቴ የእኛ ናት ትላለች፤ ከወሎ የመጡት ሙስሊሟ ጎረቤታችን ደግሞ የእነሱ መሆኗን አይጠራጠሩም። ድመቷ ገና ዓመት ያልሞላት ልጅ ብትሆንም ከሁለት ቤት መብላት ከአንድ እንደሚሻል ታውቃለች።

እኔ ቤት ተቀምጬ በኮምፒውተር ነው የምሠራው፤ መስኮቴም ከአጥሩ ፊት ለፊት ነው። ስለ ሥራዬ ከማውቀው ይልቅ ስለ ድመቷ የማውቀው ይበልጣል ብዬ እመጻደቅ ነበር።

በሁዳዴ እናቴ ቤት ሥጋ አይገባም፤ ለሰውም ለእንስሳም። ድመቷ የቀረበላትን የሽሮ ፍትፍት አሽትታ ትተዋለች። ማታ የመግሪብ አዛን ሲሰማ ግን አጥሩን ዘላ እብስ ነው። ማዶ የሥጋ ሳምቡሳ አለ። እናቴ ከኋላዋ እያየች፣ «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ትላለች።

ጾሙ እየገፋ ሲሄድ ድመቷ ጠዋት ጠዋት ማስመለስ ጀመረች። እናቴ «የሳምቡሳው ዘይት ነው» ብላ ፈረደች። ቀጥሎ እንቅልፍ አበዛች፤ አጥሩን በአንድ ዝላይ መውጣት ትታ በውኃ ታንከሩ በኩል ትንጠላጠል ጀመር። ሆዷም ግራና ቀኝ ወጣ።

በኢድ ማግስት ጎረቤታችን ለእኛ ለብቻ በዘይት የተሠራ የጾም ምግብ ይዘው መጡ። ድመቷን በር ላይ ሲያዩ ሳህኑን ገና ሳያስቀምጡ፣

«አንቺ፣ ይቺን ምን እያበላሻት ነው? ሆዷ መሬት ሊነካ እኮ ነው!» አሉ።

«እኔ? በሁዳዴ?» አለች እናቴ። «አንቺ ነሽ እንጂ በሳምቡሳ የነፋሻት!»

ተሳሳቁ፤ ከዚያ ግን ቁም ነገር አደረጉት። ሁለቱም ዕድሜያቸውን ሙሉ የጾሙ ሴቶች ናቸው፤ ጾም ለጤና ደግ ነው በሚለው ላይ ሁለቱ ሃይማኖቶች ያለ ክርክር ተስማሙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ድመቷ ከሁለቱም ቤት በቀን አንዴ፣ አንድ ጭብጥ ብቻ እንድታገኝ ተወሰነ።

የናቀችውን የሽሮ ፍትፍት ሳህኑ እስኪያበራ መላስ ጀመረች። ማድ ቤት ደጃፍ ተቀምጣ ስትጮኽ እናቴ ልቧ እየራራ በሩን ትዘጋባታለች። ሳምንት ሲያልፍ የጀርባዋ አጥንት ታየኝ። ሆዷ ግን ጨመረ! ይሄ ነገር አልዋጥልህ አለኝ። የማይበላ ፍጡር እንዴት ይወፍራል?

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ፀሐይ ልትሞቅ በጀርባዋ ስትጋደም ቀረብ ብዬ አየሁ። የጡቶቿ ጫፎች ቀልተዋል፤ አበጥ አበጥ ብለዋል፤ በዙሪያቸውም ጠጉሩ ሳስቷል። በስልኬ ፎቶ አነሳኋትና ጉርድ ሾላ ወዳለች አንዲት የእንስሳት ሐኪም ሄድኩ።

ሐኪሟ ፎቶውን አየችና፣ «አርግዛለች እንጂ አልወፈረችም» አለች። «ምን እየመገባችኋት ነው?»

ነገርኳት። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። የጡት መቅላት በሦስተኛው ሳምንት ገደማ እንደሚታይ፣ አንዳንዷ እንደምታስመልስ፣ ሆድ ከአምስተኛው ሳምንት ወዲህ እንደሚገፋ አስረዳችኝ። ሆዷን እንዳንጫን አስጠነቀቀችኝ። እርግዝናው በጠቅላላ ዘጠኝ ሳምንት ገደማ ነው።

በቅበላው ቅዳሜ ጣሪያችን ላይ ድመቶች ሲጯጯሁ እናቴ ነጠላ ጫማ የወረወረችው ትዝ አለኝ። ሁዳዴ ስምንት ሳምንት ነው፤ ስለዚህ የምትወልደው ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት መሆን አለበት። ስሌቱ በጣም ደስ አለኝ፤ ከዚያ ግን ደስታዬን ዋጥኩትና፣ «ረሃቡ ልጆቹን ጎድቷቸው ይሆን?» ብዬ ሐኪሟን ጠየቅኳት።

«እሱን አሁን ማወቅ አይቻልም። ከዛሬ ጀምሮ ግን አብሏት።»

ቤት ገብቼ ስነግራት እናቴ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። «ሰው ብትሆን እኮ የንስሐ አባቷ ከጾሙ ይፈታት ነበር» አለች። ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ ሰምተው፣ «ያረቢ! በእኛስ እርጉዝ መች በግድ ትጾማለች?» ብለው ራሳቸውን ያዙ።

ጎረቤታችን ሥጋ እንላክ ቢሉም እናቴ እንቢ አለች። በሰሙነ ሕማማት ነጠላዋን እንደለበሰች ሱፐርማርኬት ገብታ፣ ሥጋ ከሚሸጥበት ፊት ቆማ፣ ማንም ሳይጠይቃት ድምጿን ከፍ አድርጋ «ለድመት ነው!» አለች። ዞር ብሎ ያላያት ሰው አልነበረም። ሥጋውን በአሮጌ ድስት፣ ያለ ጨው፣ ግቢ ውስጥ በከሰል ቀቀለችላት።

ፋሲካ አልፎ ረቡዕ ዕለት ድመቷ ጠፋች። እዚህም የለችም፣ ማዶም የለችም። አንዱ ቦታ ሞታ ይሆናል ብዬ ግቢውን ሁሉ ዞርኩ። ድመት ልትወልድ ስትል ጨለማ ጥግ ትፈልጋለች ብላ ሐኪሟ የነገረችኝ ትዝ ሲለኝ የእናቴን ቁም ሳጥን ከፈትኩ። ከታች፣ የክረምት ጋቢው ላይ ተጋድማለች። ሦስት ልጆች ይጠባሉ። አራተኛው፣ ከሁሉም የሚያንሰው፣ አይንቀሳቀስም።

እናቴ አንስታ በጨርቅ ደጋግማ አሸችው። አልሆነም።

«እኛ ነን» አለች።

«ላይሆንም ይችላል፣ እማዬ። ያለ ረሃብም ያጋጥማል።»

ያልኳት እውነት ነው። ግን በረሃቡ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ደግሞም ማወቅ እፈልጋለሁ።

እናቴ ጨርቁን ጠቅልላ ካስቀመጠች በኋላ ለራሷ ካስቀረችው የበዓል ሥጋ ቀቅላ አመጣች፤ ቁም ሳጥኑ ፊት ተንበርክካም በእጇ ታጎርሳት ጀመር።

«ብዪ እናቴ» አለቻት። «እስከ ጰራቅሊጦስ ጾም የለም።»

ድመቷ ቀና ብላ አየቻት። እናቴ ሌላ ጉርሻ ቆረሰች።

«ለአንቺ ከዚያም በኋላ የለም።»