የለቀቅኳት ጠጠር

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩትም። ስንት ጊዜ ከፊታቸው ተንበርክኬ ትንንሹን ኃጢአት ስዘረዝር ይቺን እየዘለልኩ ተነሥቻለሁ። አንተ ስለማታውቀኝ ነው መሰለኝ፣ ላንተ መናገሩ ቀለለኝ።

በደርግ ዘመን ሐይቅ ከተማ የአንድ ዓሣ አጥማጆች ማኅበር ሥራ አስኪያጅ ነበርኩ። ይማም ደግሞ ከአባሎቹ አንዱ ነበር። እናቴ እኔን ወልዳ ስትታመም የይማም እናት ከእሱ ጋር አጥብታ አሳድጋኛለች፤ እኔ ክርስቲያን እሱ እስላም ብንሆንም ወንድሜ ነው። ታንኳ ላይ ሆኖ እየዘፈነ ዓሣውን ያባርርብናል እያልን እናበሽቀው ነበር። እንዴት እንደምወደው ለራሱም ነግሬው አላውቅም።

በዚያ የድርቅ ዓመት ከደሴ አንድ መረብ ብቻ መጣልን። መረባቸው ያለቀባቸው ሁለት ነበሩ፦ ይማምና አያ ሰይድ። አያ ሰይድ ማሳው ደርቆበት፣ ቤት ሙሉ ልጆቹን በሐይቁ ብቻ የሚያሳድር ሰው ነው። ለማን ይሰጥ? እንደ አገራችን ወግ ዕጣ ይጣል ተባለ። እኔ ዞር ብዬ ቆምኩ፤ እነሱ እጃቸው የገባውን አንዳንድ ነገር ቆብ ውስጥ ጣሉ። የማን ምን እንደሆነ ሳላውቅ አንዱን እንዳወጣ ተጠራሁ። ሥራ አስኪያጁ አያዳላም ብለው አመኑኝ።

እጄን ስሰድ መጀመሪያ ጠጠር ያዝኩ። ዕጣው ወጣ ማለት ነው። ግን ጣቴ አጠገቧ ያለውን ስንጥር ነካ፤ ጫፉ ታኝኮ ለስልሷል። ይማም ከልጅነቱ ጀምሮ መፋቂያ ከአፉ አይለይም፤ ሰብሮ የጣለው እሱ መሆኑን ለማወቅ ማየት አላስፈለገኝም። ጠጠሯን ለቀቅኳት፤ ስንጥሩን ይዤ ወጣሁ። እኔ ነኝ የለቀቅኳት። ማን አዘዘኝ? ይማም አልለመነኝ፣ አልጠቀሰኝ፤ እስኪሞት ድረስም አላወቀም። እሱማ ቢያውቅ ኖሮ መረቡን ተሸክሞ አያ ሰይድ ቤት ይወስደው ነበር።

ከዚያ በኋላ ዓሣ ባወጣ ቁጥር ከቤቴ ሳያደርስ አያልፍም ነበር። በላሁ። ጣፈጠኝም።

አያ ሰይድ ጥቂት ወራት ታግሎ ለሰፈራ ተመዘገበ። ልጆቹን ይዞ ወደ ወለጋ ሊሄድ ሲል ቢሮዬ ድረስ መጣ። ሊወቅሰኝ መስሎኝ ደነገጥኩ።

«እንዳው ሳልመርቅህ ብሄድ ቅር ይለኛል» አለኝ። «ሌላ ሰው ቢያወጣው ኖሮ በዘመድ ነው እል ነበር። ያንተን እጅ ግን አምነዋለሁ። አላህ ይቺን እጅህን ይባርካት፤ አሚን በል።»

ያኔ መናገር እችል ነበር። የሰፋሪዎቹ መኪና ገና አልተነሣም፣ መረቡም ሐይቁ ዳር ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ነበር። ወንድሜን ስለወደድኩ ነው ብዬ አላመካኝም። መውደዴስ እውነት ነው፤ አያ ሰይድም ልጆቹን ይወድ ነበር። የት እንደደረሱ እስከ ዛሬ አላውቅም። ይቅርታ የምለምነው ለመረቡ ብቻ አይደለም። ሁለት እጄን ዘርግቼ፣ ዓይን ዓይኑን እያየሁ፣ «አሚን» አልኩት።