እንሶስላ የሞቀች ጣት

ከደሃና በእግሯ የመጣችው ሴት ነጠላዋን አገጯ ሥር ጨብጣ ይዛለች፤ ለአፍታም አትለቀውም። ከሥሩ ሁለት ልጆች አሉ። ወንዱ ኩፍኝ ወጥቶበት ሳንባው ተቆጥቷል፤ ያስላል፣ ያጣጥራል። የሴቷ እግር መግል ቋጥሯል፤ ግን አታለቅስም። በሰባ ሰባቱ ድርቅ የማታለቅስን ልጅ ማን ዞር ብሎ ያያል?

ሐኪሙ አሥራተ ማርያም ሰቆጣ፣ መጠለያው ድንኳን ውስጥ ደም ይመረምራል። ነጭ የደም ሕዋስ የበዛበት ፔኒሲሊን ይወጋል። ካልበዛ ሕመሙ የቫይረስ ነው፤ መርፌ ስለማይሠራለት እንዲሁ ይሸኛል። ሴትዮዋ ወረፋ ላይ ቁጭ ብላ ይህን አጥንታለች፤ መግል የቋጠረ ሁሉ መርፌ እንደሚያገኝም አይታለች።

«የሚያስለውን ልጅ ጣት አምጪ» አላት።

ከነጠላው ሥር አንዲት ትንሽ ጣት ብቅ አለች። እንሶስላ የሞቀች፣ ቀለሟ የደበዘዘ የሴት ልጅ ጣት ናት። አሥራተ ማርያም አየ። ወረፋው አሰልችቶት ነበርና ጣቷን ወግቶ ደም ወሰደ። ነጩ በዝቶ ተገኘ፤ መርፌውን ወንዱ ተወጋ።

በሳምንቱ ተመልሳ እግሩ ላይ ልትወድቅ ጎንበስ አለች። ነጠላዋን እንደ ጨበጠች ነው፤ ከሥሩ ግን ያለው አንድ ልጅ ብቻ ነው።

«እግዜር ይስጥልኝ ሐኪም ጌታዬ! መርፌዎ ወንዱን አተረፈልኝ። እሷን እንኳ እግዜር ወሰዳት፤ ምን ይደረጋል።»

ምስጋናው አናደደው።

«ወንዱ የዳነው በራሱ ነው» አላት። «መርፌው የእሷ ነበር።»

ያን ጊዜ ነጠላዋን ለቀቀችው።